መጀመሪያ ባለቤቱን አናግሩ

ልጆች፣

ከደን ትምህርት ተመርቃችሁ ወደየወረዳው የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። እኔ በ1970ዎቹ ወንዶ ገነት ተምሬ፣ ዕድሜዬን በአማራ ገጠር ስዞር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በገበሬው ጓሮ፣ በማሳው ዳርና በገደሉ አፋፍ ስለቀረችው ቁራጭ ጢሻ ልነግራችሁ ነው የምጽፈው። እሷን የሚያተርፋት ባለይዞታው ነው። እሱ ካልፈለገ እናንተም ጥበቃውም አታተርፏትም።

እኛ ስንጀምር እንዲህ አላሰብንም። በደርግ ጊዜ ተራራውን በዘመቻ እናስከልል ነበር። ሕዝቡ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ እኛ ሄክታር ቆጥረን ሪፖርት እንልካለን። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ሰው መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ሦስት ዓመት የደከምኩበት ተራራ በጥቂት ቀናት ራቁቱን ቀረ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ገበሬውንም ረገምኩ። ያ ደን መቼም የሱ ሆኖ እንደማያውቅ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያው ተራራ ሥር አንድ አዛውንት ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ ወይራና ብሳና የበዛባት ጢሻ ነበረቻቸው፤ በዚያ ሁሉ ግርግር አንዲት ቅርንጫፍ አልጎደለባትም። ለምን አልቆረጧትም ብዬ ስጠይቃቸው ጥያቄዬ ራሱ ገረማቸው። ቀፎዎቻቸው እዚያ ናቸው፣ የእርሻ ዕቃ የሚጠርቡት ከዚያ ነው፣ የወተቱ ዕቃ የሚታጠነው በዚያች ወይራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበሬ ቤት ስገባ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ማውራት ትቼ፣ ጢሻዋ ምን እንደምትሰጠው መጠየቅ ጀመርኩ።

ስትሄዱ መጀመሪያ የምታገኙት ፍርሃት ነው። ጥድ ወይም ዝግባ በማሳው ዳር በራሱ ሲበቅል ገና በጨቅላነቱ ነቅሎ የሚጥል ገበሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲያድግ ፈቃድ አምጣ እባላለሁ፣ ቦታውም ደን ነው ተብሎ ይወሰድብኛል ብሎ ነው። ባሕር ዛፍ ሲተክል ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ታዲያ ምን ያድርግ? መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላፈራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የግል ደንን ከማኅበረሰብ፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ጎን አስቀምጦ ያውቀዋል። ይህን ስንቱ ገበሬ ሰምቷል? የይዞታ ደብተሩን ከሳጥን አስወጡትና አብራችሁ አንብቡ። የወረዳችሁን የመቁረጫ ፈቃድ አሠራርም ቀድማችሁ አጣሩ፤ አንድ ቀን ለበርና ለመስኮት አንዲት ዋንዛ መጣል ሲፈልግ ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁት ሩጡ። ሳይንገላታ ፈቃድ ያገኘ አንድ ገበሬ ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል።

ባሕር ዛፍ አትትከል አትበሉት። ልጁን ያስተማረበት፣ ቆርቆሮ የገዛበት ነው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባል ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ተክለው፣ ከሰል አክስለው ኑሯቸውን ሲያቀኑ አይቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። በኋላ ዝገት የሚባለው በሽታ ገብቶ ተክሉን ሲመታው ደግሞ ተስፋውን በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ የጣለ ሰው እንዴት እንደሚደነግጥ አየሁ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የሚሸጠውን ዛፍ በተራቆተው መሬት ይትከል፣ ጢሻዋን ለዚያ ብሎ አይመንጥራት።

ሥራው ደግሞ ከምታስቡት ያነሰ ነው። አብዛኛው ከብት ማገድ ነው። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሄዳችሁ እዩ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ከብት እንደልቡ በሚገባበት ግን ከሥራቸው ተተኪ አታገኙም። በአንዳንዶቹ ዙሪያ ሕዝቡ ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ ካብ ሠራ፤ ማሳውም ጠራለት፣ ደኑም ታጠረ። ለግል ጢሻም ያው ነው። ሳሩን አጭዶ ለከብቱ ይውሰድ፣ ከብቱ ግን አይግባ። ወላይታ ሁምቦ ውስጥ የተራቆተ ከ2,700 ሄክታር በላይ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው መሬት ውስጥ በሕይወት ከቆየ ጉቶ ነው። ከጉቶው የሚወጣውን ቀንበጥ መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝ፣ መጠበቅ። ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጉቶ ፈልጉ።

ስለ ገንዘብ ተጠንቀቁ። ኮስታሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ደናቸውን ለሚጠብቁ ባለመሬቶች መክፈል ጀመረች፤ ከነዳጅ ከሚሰበሰበው ግብር ላይ ነው የምትከፍለው። እኛም እዚያ ብንደርስ ምኞቴ ነው። ሁምቦም የካርቦን ገንዘብ፣ ማለትም ደኑ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ብር፣ አግኝቷል፣ ግን ብዙ ሰው በማኅበር ተደራጅቶ። ግማሽ ሄክታር ላለው ገበሬ የካርቦን ብር ይመጣልሃል ብላችሁ ተስፋ አትስጡት። ማሩን፣ ሳሩንና ማገዶውን ቁጠሩለት።

ማገዶ ስል፣ ሚስትየውን ሳታናግሩ ከዚያ ቤት አትውጡ። እንጨቱን የምትሸከመው እሷ ናት። በዓመቱ የትኛውን ቅርንጫፍ እንደምትወስድ፣ ለእንጀራ ምጣዱ ስንት ሸክም እንደሚበቃት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሷ ጋር ያልተመከረበት የጥበቃ ዕቅድ ሲፈርስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ልጆቹንም አናግሩ፤ ከተማ ያሉትንም፣ አረብ አገር ያሉትንም። እነዚያ አዛውንት ሲያርፉ መሬቱ ለሦስት ተከፈለ። ሁለቱ ልጆች ድርሻቸውን በአንድ በጋ መነጠሩት። የሦስተኛዋ ልጅ ድርሻ ዛሬም አለ፣ ቀፎዎቹም አሉ። እኔ እኮ ከአባታቸው ጋር ለዓመታት ቡና ጠጥቻለሁ፤ ከልጆቹ ጋር ስለዚያች ጢሻ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላወራሁም።