ሁሉንም ልዝጋው ወይ? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ ስልክ ሚሞሪ መሙላት ጽፈን ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጡልን ደብዳቤዎች ግን ስለ ሚሞሪ ሳይሆን ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሆኑ። ጎግል፣ ሜታ፣ ማይክሮሶፍት፣ "ከነሱ እጅ እንዴት ነው ሚወጣው" ነው ነገሩ ባጭሩ። አራቱን መርጠናል፣ የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል ምክንያቱም እሷ የደረሰባት ብዙዎቻችሁ ላይ ደርሷል። ካልተጠቀሰ በቀር አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሀበሻ ቀሚስ እያሰፋሁ እሸጣለሁ፣ ደንበኞቼ ዲዛይኑንም ልካቸውንም በስልክ ነው ሚልኩልኝ። ከፋሲካ በፊት ሜክሲኮ ታክሲ ልሳፈር ስጋፋ ስልኬን ወሰዱኝ። ሲሙን በማግስቱ አስወጣሁ፣ አዲሱ ስልክ ላይ ኢሜይሌን ልከፍት ስል ግን "አንቺ መሆንሽን ማረጋገጥ አልቻልንም" ይለኛል፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ይሄንኑ። ሄደሽ ምታናግሪው ሰው የለ፣ ቢሮ የለ። የሶስት አመት የቀሚስ ፎቶ፣ የደንበኞቼ ቁጥር፣ የልጄ የክርስትና ፎቶ ሁሉም እዛ ውስጥ ነው። በስንት መከራ ተከፈተልኝ። አሁን ወንድሜ "ሁሉንም ዝጊና ተገላገይ" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ልዝጋው? (የሳሪሷ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተከፈተልሽ። ወንድምሽ ተናዶልሽ ነው ግን አትስሚው፣ ቢያንስ ዛሬ አትስሚው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሚባለው እኮ ይሄ ነው፣ አካውንቱን ስትዘጊ የልጅሽ ክርስትናም አብሮ ሄደ።

አንቺን የጎዳሽ እኮ ኩባንያው ትልቅ መሆኑ ብቻ አይደለም፣ ፎቶው ኢሜይሉ ቁጥሩ ሁሉም አንድ ቁልፍ ስር መሆኑ ነው። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ሳንፍራንሲስኮ ሚኖር አንድ አባት በ2021 ትንሽ ልጁ ታሞበት፣ ሐኪሙ እንዲያየው ፎቶ ላኩ ሲባል የታመመበትን ቦታ በስልኩ አንስቶ ላከ። ፎቶው ወዲያው ጎግል ላይ ባክአፕ ሆኗል፣ የጎግል ማሽን ደግሞ በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ነው ብሎ ያዘውና አካውንቱ ተዘጋ። ሰውየው ኢሜይሉም፣ ፎቶውም፣ የስልክ መስመሩም ሳይቀር ከጎግል ነበር (እዛ ሀገር የሞባይል መስመርም ይሸጣሉ)፣ ሁሉም ባንድ ቀን ጠፋ። ፖሊስ መረመረና ወንጀል የለበትም አለ፣ ይሄን ሊነግረው ሲፈልገው ግን ስልኩም አይጠራ ኢሜይሉም አይሰራ! ጎግል ከዛ በኋላም አልመለሰለትም። በ2022 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የወጣ ታሪክ ነው። እንግዲህ አሜሪካ ቁጭ ብሎ እንዲህ ከሆነ ከሳሪስ ሆነን ማንን እንደምናናግር እንጃ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያንቺ የሆነውን ገልብጠሽ ውሰጂ። የጎግል ከሆነ "ቴክአውት" ሚባል ነገር አላቸው፣ እዛ ገብተሽ ሁሉንም አትምረጪ፣ ፎቶና ኮንታክት ብቻ ምረጪ፣ በ2 ጊጋ በ2 ጊጋ ከፋፍለው ያዘጋጁልሽና ሊንኩን በኢሜይል ይልኩልሻል። ሊንኩ አንድ ሳምንት ገደማ ነው ሚቆየው፣ እንዳትዘናጊ፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ አውርጂው። ሲወርድ ከፎቶዎቹ ጎን ጄሰን ሚባሉ ሚጢጢ ፋይሎች ታያለሽ፣ ቆሻሻ መስለውሽ እንዳትደልቻቸው፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን ያለው እዛ ውስጥ ነው። ኮንታክቱን ደግሞ ለብቻው ቪሲኤፍ አርገሽ አውጪው፣ ማንኛውም ስልክ ያነበዋል።

ምትገለብጪበትን ነገር በተመለከተ አደራ፣ መርካቶ "2 ቴራ" እያሉ በርካሽ ሚሸጡትን ፍላሽ አትግዢ። ውስጡ 32 ጊጋ ሆኖ ኮምፒውተሩን 2 ቴራ ነኝ ብሎ ሚዋሽ ፍላሽ ሞልቷል፣ ልኩ ካለፈ በኋላ ምታስገቢው ሁሉ የገባ ይመስልና የለም። እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ፣ የአንድ ሰርግ ሙሉ ቪዲዮ ነው የሄደው። ደህና ሃርድ ዲስክ ግዢና ከገለበጥሽ በኋላ መጨረሻ የገቡትን ፎቶዎች ከፍተሽ እያቸው። ሌላ ኮፒ ደግሞ እናትሽ ቤት አስቀምጪ፣ ሌባ ሁለት ቤት ባንድ ቀን አይገባም።

ከዛ ቁልፉ። አካውንትሽ ሴኪዩሪቲ ውስጥ "ባክአፕ ኮድ" ሚል አለ፣ 10 ኮድ ይሰጡሻል፣ እያንዳንዱ አንዴ ነው ሚሰራው፣ ስልክሽ ቢጠፋ በሱ ትገቢያለሽ። ወረቀት ላይ አትሚውና የልጅሽ የልደት ካርድ ያለበት ፋይል ውስጥ ክተቺው። ያኔ ይሄ ወረቀት ቢኖርሽ ሶስቱ ሳምንት አስር ደቂቃ ይሆን ነበር።

አዲስ ኢሜይል ሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፕሮቶን አለ፣ ሰርን ሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የተገናኙ ሳይንቲስቶች በ2014 የጀመሩት፣ ጄኔቫ ነው ያለው። ቱታ አለ፣ የጀርመን። ሁለቱም በነጻ 1 ጊጋ ይሰጣሉ፣ ከጎግል 15 ጊጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው ግን ለጽሁፍ ይበቃል። ቱታ ላይ በነጻ ከሆንሽ 6 ወር ካልከፈትሽው ይሰርዙታል፣ ጎግልም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ 2 አመት ያልተነካ አካውንት ይሰርዛል፣ ስለዚህ የትም ብትሄጂ ገባ ገባ ማለት ግድ ነው። መጀመሪያ የባንክሽን ቀይሪ፣ ቀጥሎ ገንዘብ ሚነካውን ሁሉ፣ ሌላውን ቀስ እያልሽ። አሮጌው አመት ሙሉ ክፍት ሆኖ ይቆይ። የራስ ዶሜን (ኢሜይሉ ላይ ከ@ በኋላ ሚመጣውን ስም) ገዝቶ ኢሜይል ማድረግ ከሁሉም ይሻላል፣ ከኩባንያ ኩባንያ ስትቀያይሪ አድራሻሽ አይቀየርም፣ ግን በዶላር ነው ሚከፈለው በየአመቱ፣ አሜሪካ ያለ አጎት ይከፍልልኛል ካልሽ ደግሞ አጎትዬው የረሳ እለት አድራሻሽ ጠፋ።

የደንበኛ ልክ ግን በደብተር ጻፊው ባክሽ። የድሮ ልብስ ሰፊዎች ደብተራቸውን ማንም ሎክ አላደረገባቸውም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምጽፈው። የሜታን ነገር ጨርሼ መተው ወስኛለሁ፣ ፌስቡክ ዘጋሁ፣ ኢንስታግራም ዘጋሁ፣ ዋትሳፕ ቀረኝ። ቤተሰብ በሙሉ እዛ ግሩፕ ላይ ነው፣ እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ ዋትሳፕ ለመልመድ ሁለት አመት ነው የፈጀባት። ሁሉንም ወደ ቴሌግራም ልውሰዳቸው እያልኩ ነው፣ እሱ ይሻላል አይደል?

መልስ፦ አይሻልም። ሰው ሁሉ ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል ይላል፣ ግን በተለመደው ቻት ምትጽፈው የነሱ ሰርቨር ላይ ሊነበብ በሚችል መልኩ ነው ሚቀመጠው፣ ጥብቅ ሆኖ ሚቆለፈው "ሲክሬት ቻት" ብለህ ራስህ ስትከፍት ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው ብቻ፣ ግሩፕ ላይ የለም። ዋትሳፕ በተቃራኒው ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን በሙሉ ሲግናል ሚባለው ሌላ የመልእክት አፕ በሚጠቀምበት ዘዴ ይቆልፋል። ሜታ እናትህ "ጾምህን ፈታህ ወይ" ያለችህን አያነብም፣ ከማን ጋር መቼ ምን ያህል እንደምታወራ ግን ያውቃል። እሱ ካስጠላህ መሄጃው ራሱ ሲግናል ነው፣ ትርፍ ማያገኝ ፋውንዴሽን ነው ያለው፣ የሚገርመው ደግሞ ከዋትሳፕ መስራቾች አንዱ ብራያን አክተን ከሜታ ወጥቶ በ2018 50 ሚሊዮን ዶላር ያፈሰሰበት መሆኑ ነው። ሽጦላቸው ሄዶ ተፎካካሪያቸውን ማቋቋም፣ እንዴት ያለ ሰው ነው።

ግን እናትህን ተዋት። ሁለት አመት የፈጀባትን ለኛ መርህ ብለን አናስጀምራትም። እህቶችህንና ወንድሞችህን ሲግናል አስገባቸው፣ ዋትሳፑ ለእናትህ ብቻ ይቅር፣ ያንተ ቻት ባክአፕ ደግሞ እንዲቆለፍ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አብራው፣ ካላበራኸው ክፍት ሆኖ ነው ሚቀመጠው። ሁለት መንገድ መኖሩ ለሌላም ይጠቅምሃል፤ ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ኢንስታግራም ዋትሳፕ ሶስቱም ለ6 ሰዓት ገደማ ከዓለም ጠፍተው ነበር፣ እዚህ ደግሞ በ2015 በኛ አቆጣጠር ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ታግደው ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር፣ ሁሉን ነገሩን ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ ያኔ ያየውን አይቷል። የእናትህን ጎረቤት ስልክ ቁጥርም ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ዝም ብለህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ባህር ዳር። ለሃያ አመት ያሰባሰብኳቸው ተረቶችና ምሳሌያዊ ንግግሮች በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ነው የተተየቡት። ልጄ ባመጣልኝ ላፕቶፕ ስከፍታቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብሎ ይታየኛል። በዛ ላይ ኮምፒውተሩ ለዎርድ በየወሩ ክፈል ይለኛል። ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ያስቀመጡት አልጠፋም፣ ይረጋጉ። እርስዎ ላይ የደረሰውን ወጣቶቹ አሁን ነው እየደረሱበት ያሉት፣ እኛ አማርኛ ተያቢዎች ግን ከ30 አመት በፊት ቀምሰነዋል። የድሮዎቹ ፎንቶች እነ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዡዋል ግዕዝ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ አስቀምጠው ነበር ሚሰሩት፣ ኮምፒውተሩ "ሀ"ን "ሀ" ብሎ አያውቀውም፣ የሆነ የላቲን ምልክት ነው ሚመስለው፣ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሁፉም ጠፋ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ሚጋሩት የዓለም ፊደላት መዝገብ) ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፣ ከዛ ወዲህ በዩኒኮድ የተተየበ ግን የትም ይከፈታል።

መጀመሪያ ያ ፎንት ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ይፈልጉ፣ የጽህፈት ቢሮ ያላቸው ሰዎች ጋር አይጠፋም፣ እዛ ከፍተው ሁሉንም ፒዲኤፍ ያስደርጉ፣ ቢያንስ ማንበብ ይቻላል። ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ልጅዎ ፈልጎ ያስጭንልዎት፣ ከተቀየረ በኋላ ግን ቁጭ ብለው ማረም አለብዎት፣ አንዳንድ ፊደል ይስታል፣ በተለይ ዲቃላዎቹን።

ለዎርዱ ደግሞ አይክፈሉ። ሊብረ ኦፊስ ሚባል አለ፣ ነጻ ነው፣ ሜኑው በአማርኛም ይሆናል። ለመተየብ ኪማን ይጫኑ፣ እሱም ነጻ። የጀርመኑ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል መንግስት 30,000 ኮምፒውተሮቹን ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ሊብረ ኦፊስ ሊያዞር በ2024 ወስኖ፣ በ2025 ደግሞ ከ40,000 በላይ የሰራተኛ ኢሜይል ሳጥኖችን አዛውሮ ጨርሷል፣ ስለዚህ የድሃ መፍትሄ ነው እንዳይልዎት ማንም። አንድ ጉድለት አለው፣ ዎርድ ላይ የተሰራ ሰንጠረዥ ሲከፍቱበት ትንሽ ይንሸዋረራል፣ ለማተሚያ ቤት ሲልኩ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩ። ተረቶቹን ሲጨርሱ እኛም ማንበብ እንፈልጋለን በነገራችን ላይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሜትር ታክሲ ነው ምሰራው። ጎግል ማፕ ዳታዬን ጨረሰው፣ ሌላ ማፕ አለ?

መልስ፦ አለ ወንድሜ፣ ኦርጋኒክ ማፕስ በለውና አውርድ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ የኢትዮጵያን ማፕ አንዴ ካወረድክ በኋላ ያለ ዳታ ነው ሚሰራው፣ ጂፒኤሱ ራሱ ከሳተላይት ስለሆነ ካርድ አይበላም። ማፑ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነው ሚመጣው፣ በ2004 እንግሊዝ ሀገር የተጀመረ፣ እንደ ዊኪፒዲያ ማንም ሰው ሚጨምርበትና ሚያርመው። መንገድ መዘጋጋቱን ግን አይነግርህም፣ ለሱ ጠዋት ጠዋት ጎግልን አንዴ አየት አርገህ ዝጋው፣ ሃይማኖት አይደለም እኮ። ምትሰራበት ድርጅት አፕ የራሱን ማፕ ካስገደደህ ያው ምንም አታደርገውም።

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ እየፈረሰችም እየተሰራችም ስለሆነ የትኛውም ማፕ ላይ የሌለ መንገድ ያጋጥምሃል፣ የፈረሰ ሰፈርም ቆሞ ታያለህ። ልዩነቱ እዚህኛው ላይ ሱቁን፣ ማደያውን፣ ካፌውን አፑ ውስጥ ራስህ መጨመር ትችላለህ፣ አንተ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። በየወሩ አፕዴት አርገው፣ ዋይፋይ ስታገኝ።