የተጣበቀ የዲስክ ብሎን፦ ጉልበቱን ተውና አሙቀው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የሞተር ሳይክልህን የፊት ፍሬን ዲስክ ልትቀይር ፈልገህ ሦስቱ ብሎኖች አልላቀቅ ብለውሃል። አራተኛው ደግሞ የአለን ቀዳዳው (ባለስድስት ጎን ቁልፍ የሚገባበት) መበላት ጀምሯል። ዘይት አፍስሰህ አሳድረኸዋል፣ ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥለህም ሞክረሃል። እኔም እዚሁ ጅማ ሞተሬን ግቢ ውስጥ ፈትቼ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የምለምንህ ቁልፉን እንድታስቀምጥ ነው። የተበላውን ብሎን ደግሞ ለጊዜው ጨርሶ አትንካው።

ብሎኑን የያዘው ዝገት ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ሲገጥመው ሎክታይት ወይም የእሱ ዓይነት የብሎን ሙጫ ቀብቶታል። ይህ ሙጫ ፈሳሽ ሆኖ ጥርሱ መሃል ይገባል። እዚያ አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ ይለወጣል። ጠርሙሱ እስከ አፉ የማይሞላውም ለዚህ ነው፤ ውስጡ አየር ካልቀረ እዚያው ይደርቃል። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቨርነን ክሪብል በ1953 እ.ኤ.አ. የሠራው ይህንኑ ነበር። ዘይት ዝገት ውስጥ ይሰርጋል እንጂ የደረቀ ፕላስቲክ አያሟሟም። በዚያ ላይ ፍሬን ነው። ዘይቱ ዲስኩን የሚጨምቀው የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ የዴዶን ቁልቁለት ስትወርድ ጉድ ይሠራሃል። ያፈሰስከውን አሁኑኑ ጥረግና እጠብ።

ይህን ሙጫ የሚያሸንፈው ሙቀት ነው። ሰማያዊው ዓይነት በእጅ ቁልፍ እንዲፈታ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ትንሽ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። ቀዩ ግን ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ እጅ አይሰጥም። ከውጭ ሆነህ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይቸግራል፣ ቀለሙም ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ቀይ ነው ብዬ ነው የምጀምረው።

ጎማውን ከሞተሩ አውጣው፤ ሞተሩ ላይ እንዳለ አታሙቅ። የፍሬን ቱቦው፣ ዘይቱና የቤንዚን ታንኩ ሁሉም እሳት አጠገብ መሆን የሌለባቸው ናቸው። እዚህ አገር ዕቃ በቤንዚን አጥቦ ወዲያው እሳት ማቅረብ የተለመደ ነው፤ እባክህ ይህን አታድርግ። እርጥበቱ ጨርሶ ይድረቅ፣ ጣሳውም ከአጠገብህ ይራቅ። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የታጠበ ዕቃም ሳይደርቅ እሳት አይነካም፤ አንዳንዱ ሲቃጠል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ሙጫው ራሱ ሲሞቅ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ አለውና ውጭ ሆነህ ሥራ። ዝናብ ከሆነ በረንዳ ይበቃል።

የምታሞቀው ብሎኑን ነው እንጂ የቸርኬውን መሃል አይደለም። እሱ አሉሚኒየም ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ጥንካሬውን ያጣል። ከውስጡ ኩሽኔታና መከለያ ጎማ አለ፣ እነሱም ይቃጠላሉ። ለዚህ ከሁሉም የምመርጠው ሬዲዮና ሞባይል ሠሪዎች የሚይዙትን ወፍራም ካውያ ነው። ጫፉን አለን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ ደቂቃዎች ታቆየዋለህ፣ ሙቀቱም ቀጥታ ወደ ብሎኑ ይወርዳል። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ካሉት ሠሪዎች የምታውቀው ካለ ለግማሽ ቀን ለማዋስ አያሳፍርህም። መብራት ከጠፋም መላ አለ። ወፍራም ብረት ከሰል ላይ እስኪቀላ አግለህ የብሎኑን ራስ ተጫነው፣ ሲበርድም መልሰህ አግለው። ትንሽ የጋዝ እሳት ያለው ሰው ነበልባሉን ራሱ ላይ ብቻ፣ አጠር አጠር እያደረገ ያሳርፋል።

ሙቀቱን የምለካው በውሃ ነው። ጠብታ አድርግበት። ተንጫጭቶ ወዲያው ከተነነ 100 አልፏል፣ ግን ገና ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ብረቱ ላይ መንሸራተት ሲጀምር 200 አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ጨምርና ሳይበርድ ወደ ቁልፉ ሂድ።

ቁልፉ አዲስና ጠርዙ ያልተበላ ይሁን። የአለን ቀዳዳውን ውስጥ በመርፌ ጠርገህ አውጣ፤ የጅማ ጭቃ እዚያ ገብቶ ሲደርቅ ቁልፉ እስከ ታች አይገባም፣ ብዙ ብሎን የሚበላውም በዚህ ነው። እንደ ኤል ከታጠፈው ቁልፍ ይልቅ ቡሶላ ላይ የሚገባ ቢት (አጭር የቁልፍ ጫፍ) ይሻላል፣ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ ይቆማል። አስገብተህ በመዶሻ ሁለት ሦስቴ ምታው። ቢቱ በደንብ ይቀመጣል፣ የያዘውም ዝገት ይሰነጠቃል። ከዚያ ሳትነቀንቅ፣ እየጨመርክ ግፋ። ሲለቅ ቀስ ያለ ሲጥ የሚል ድምፅ ትሰማለህ፣ እጅህም መላላቱ ይታወቀዋል። እዚህ ላይ ደስ ብሎህ አንዴ አታሽከርክረው። ሩብ ዙር ፍታ፣ ትንሽ መልስ፣ ደግመህ ፍታ። የተፈረካከሰው ሙጫ ጥርሱ መሃል ከተጠቀጠቀ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል። መሃል መንገድ ላይ ከበረደና መልሶ ከያዘህም እንደገና አሙቅ እንጂ አትታገለው።

አሁን ወደ ተበላው እንምጣ። ሌሎቹን ፈትተህ የመጨረሻ አድርገው። አሙቀውና ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ያለ ኮከብ ቢት በመዶሻ ቀጥቅጠህ አስገባበት። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። እምቢ ካለ ጎማህን በያጅ ዘንድ ውሰድና የብሎኑ ራስ ላይ ዳዶ አስበይድ። ዳዶው መያዣ ይሆንሃል፣ የብየዳው ሙቀት ደግሞ ሙጫውን ይጨርሰዋል። ለእኔ ከሁሉም ዘዴ አስተማማኙ ይህ ነው፣ ሰው ግን ዋጋውን እየፈራ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። በያጁ ዲስኩን ማቃጠሉ አይቀርም፤ የሚቀየር ስለሆነ ግን አያሳስብህም። ያም ካልሆነ ራሱን በትራፓኖ ቆርጠህ ዲስኩን ታወጣለህ። የቀረውን ግንድ አሙቀህ በሚቆለፍ ፒንሳ ታዞረዋለህ። ራሱ ከተቆረጠ በኋላ የሚጨምቀው ነገር ስለሌለ ሳይታሰብ ይላላል።

ቀዳዳውን ሳታጸዳ አዲስ ብሎን አታስገባ። ማስኪ (የቀዳዳ ጥርስ ማውጫ) ካለህ በእጅህ ቀስ ብለህ አስገባ። ከሌለህ የድሮውን ብሎን ጥርሱን በርዝመቱ በመጋዝ ሰንጥቅና እሱን እያስገባህ እያወጣህ ጥረግ፣ ስንጥቁ ቆሻሻውን ይሰበስብልሃል። በአሴቶን አጥበህ አድርቅ። የድሮውን ብሎን መልሰህ አትግጠም፤ ሞቆ ተመትቷል፣ ዲስክ ደግሞ ሕይወትህን የሚይዝ ነገር ነው።

ስትገጥም ሰማያዊውን ተጠቀም፣ ሞልተህ ሳይሆን ጥርሱ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ። አጥብቀህ ማሰሩ ላይ ግምት አትጠቀም። ለ8 ሚሊሜትር የዲስክ ብሎን አንዱ አምራች 23 ኒውተን ሜትር ሲል ሌላው 42 ይላል። የአንተን ሞተር መመሪያ ተመልከት፣ የማሰሪያ መለኪያ ያለው ጋራዥም ፈልግ። በመስቀል እየተሻገርክ እሰር። ሙጫው ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር 24 ሰዓት አሳድረው፣ ከዚያ በፊት አትንዳ። ስትነሣም የፍሬኑን እጀታ እስኪጠነክር ደጋግመህ ጨምቀው፤ ሸራዎቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ጭመቃ ባዶ ነው የሚሆነው።

የሞተርህን ዓይነት አልጻፍክም። እሱንና የተበላውን ብሎን ከቅርብ፣ በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ ላክልኝ። የትኛው ኮከብ ቢት እንደሚሆነው አይቼ እነግርሃለሁ።