ጎረቤትሽን ማስተማርሽ አያከስርሽም

ከጎንደር አራዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

ነገሩን ለሌላው አንባቢ ላሳጥረው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። ሥራ ስትጠብቂ ከርመሽ፣ አጎትሽ ባበደሩሽ ብር አራዳ ላይ ትንሽ የሀበሻ ልብስ መስፊያ ሱቅ ከፈትሽ። በቅርቡ ደግሞ አንዲት ልጅ አጠገብሽ ያንኑ ሥራ ጀመረች። ልክ አወሳሰድና አቆራረጥ አሳየሻት። ጥሩ ሸማኔ የት እንዳለ ነገርሻት። ሥራ ሲበዛብሽም ደንበኛ ትልኪላታለሽ። አጎትሽ ይህን ሰምተው ተቆጡ። «ከራስ በላይ ነፋስ! ተቀናቃኝሽን በገዛ እጅሽ እያሳደግሽ ነው፤ በዚህ ደግነትሽ ሱቁን ትዘጊዋለሽ» አሉሽ። አንቺም «እውነት ደግ ሰው ነጋዴ መሆን አይችልም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ይችላል። ጥሩ ነጋዴም ይወጣዋል። ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ግን መለየት አለበት።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ የብድር ባለሙያ ነበርኩ። አብዛኞቹ ተበዳሪዎቻችን የሚያስይዙት ቤትም መኪናም አልነበራቸውም። የሚበደሩት በቡድን ነው። አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። እንግዲህ ሰው ማንን ቡድኑ ውስጥ እንደሚያስገባ አስቢው። ጎረቤቱ ሲቸገር ፊቱን ያዞረ ነጋዴ፣ ዋስ ሲፈልግ ይንከራተት ነበር። ክር ያለቀባትን ጎረቤቷን «ከእኔ ውሰጂ» ያለችውን ሴት ግን ሰዉ ይሻማባት ነበር። እኔም ማመልከቻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምሄደው አጠገቧ ወዳለው ሱቅ ነው። «እንዴት ናት?» እላለሁ። ከወረቀቱ ይልቅ እዚያ የምሰማው መልስ ይጠቅመኝ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ሱቅ እንምጣ። አጎትሽ የፈሩት ልጅቷ ደንበኛ እንዳትወስድብሽ ነው። ጥቂት ልትወስድ ትችላለች። ነገር ግን መርካቶን እዪው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በየተራው ጎን ለጎን የተቀመጡት ሞኝ ሆነው አይደለም። ገዢ አማርጦ መግዛት ይወዳል፤ ምርጫ ወዳለበት ይሄዳል። ብቻሽን ስትሆኚ የሚመጣው የሚያውቅሽ ሰው ነው። ሁለት ሦስት ስትሆኑ ግን «የሀበሻ ልብስ ከፈለግሽ እዚያ ጋ ሂጂ» መባል ይጀምራል። የማያውቅሽም ሰው በደጅሽ ያልፋል።

ከዚያ ደግሞ ጥምቀት አለልሽ። በዓሉን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ ሰላም በሆነበት ዓመት እንግዳው ከየአቅጣጫው ወደ ጎንደር ይጎርፋል። ጥር 11 ሲቃረብ አንድ ሲንጀር ያላት ሰው የሚመጣላትን ትዕዛዝ ሁሉ ልትጨርስ አትችልም። «አልደርስም» ካልሽ ደንበኛው ይሄዳል። እሺ ብለሽ ካልደረስሽ ደግሞ የባሰ ነው፤ የጥምቀት ቀሚስ ጥር 13 ቢያልቅ ለማን ይጠቅማል? ያስተማርሻት ልጅ የምትደርስልሽ ያን ጊዜ ነው። አቆራረጧ ያንቺው ነው። ለደንበኛው ነግረሽ ሥራውን ታካፍያታለሽ፤ ክፍያውን ግን ከሰሞኑ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። እሷም ሲበዛባት ወደ አንቺ ትልካለች። ካልላከች፣ ማለትም ተቀብላ ዝም የምትል ከሆነች፣ ከአንድ በዓል በኋላ ታውቂዋለሽ። ያኔ ሰላምታሽን ሳታጓድዪ ደንበኛ መላኩን ተዪው።

አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጻፍሻት አንዲት መስመር አለች። የአጎትሽ ቤተሰብ ለሠርግ ያሰፉት ልብስ እስከ ዛሬ አልተከፈለም፤ «ዘመድ ስለሆኑ መጠየቅ ከበደኝ» ብለሻል።

ሱቅሽን የሚዘጋው ይሄ ነው! ለጎረቤትሽ ያሳየሻት አቆራረጥ ከእጅሽ አልጠፋም። ጨርቁን ግን ከሸማኔው በጥሬ ብር ነው የገዛሽው። ያ ብር ካልተመለሰ ቀጣዩን ጨርቅ በምን ትገዣለሽ? ይህን በደግነት አትቁጠሪው፤ ይሉኝታ ይዞሽ ነው። አጎትሽ ለጎረቤት አትስጪ እያሉ፣ እቤታቸው ያልተከፈለ ልብስ ተሰቅሎ መቀመጡ ትክክል አይደለም። በአክብሮት ንገሪያቸው። ሒሳብ ተምረሻል፤ ያበደሩሽን፣ እስካሁን የመለስሽውንና ቤተሰባቸው የወሰደውን ልብስ ዋጋ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሪ። «ጋሼ፣ ይሄ ከብድሩ ይቀነስልኝ» በያቸው። ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ። ብር ያበደረ ሰው ብሩን የመቀበል መብት አለው፤ ማንን ማስተማር እንዳለብሽ የመወሰን መብት ግን የለውም። ቀሪውን ብድር ደግሞ በየወሩ ሳታጓድዪ ክፈያቸው።

ከእንግዲህ ለዘመድም ለባዕድም ያለ ቀብድ መቀስ አታንሺ። በቴሌብርም ይሁን በእጅ፣ ግማሹ ይቅደም። መስጠት ከፈለግሽ ሙሉ ለሙሉ ስጪ፤ ለተቸገረች እናት የልጇን ቀሚስ በነጻ ስፊላት። ለዚህም በወር ምን ያህል እንደምትችዪ ወስነሽ ከትርፍሽ ላይ መድቢ። ስጦታ ይሁን ዱቤ ያልለየለት ልብስ ግን ሁለት ቤት ያቀያይማል፤ በብድር ሥራዬ ዘመን በዚህ የተነሳ ስንት እህትና ወንድም ሲኮራረፍ አይቻለሁ።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን ባጭሩ ልመልስ። እናትሽ «ለልብስ ስፌት ነው ያስተማርኩሽ?» ማለታቸው ከፍቅር ነው፤ የወር ሒሳብሽን ቁጭ ብለሽ አሳያቸው። ማስተርሱ ይቆይ፤ ከሱቁ ትርፍ መክፈል ስትችዪ ትማሪዋለሽ። የባንኩን የቅጥር ፈተና ግን ተፈተኚ። ብታልፊ፣ መልስ ከመስጠትሽ በፊት የጥምቀትን ሰሞን ገቢና የሌሎቹን ወራት አማካይ ከደመወዙ ጎን አስቀምጪ። ቁጥሩን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።