በቃላችን ነው ወይስ በሥራችን የሚፈረድብን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴን የምጦራት እኔ ነኝ። ምንም አላጓድልባትም። ስናደድ ግን አፌ አያርፍም፤ የማይባል ነገር እላታለሁ። ጌታ በማቴዎስ 12፥37 «ከቃልህ የተነሣ ትጸድቃለህና፣ ከቃልህም የተነሣ ትኰነናለህ» ይላል። በምዕራፍ 25 ደግሞ የሚጠይቀው ስለ ማብላት፣ ስለ ማጠጣትና ስለ ማልበስ ነው። እኔ የሚፈረድብኝ በየትኛው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላሙ ይብዛልሽ። በሁለቱም ነው። ግን እንደ ሁለት ሒሳብ አትያዥው። በአንዱ የጎደለውን ከሌላው እየቀነስን አንሞላም።

ማቴዎስ 12ን ትንሽ ከፍ ብለሽ ከቁጥር 22 ጀምሪው። ጌታ ዕውርና ዲዳ የነበረ ሰው ፈወሰ። ሕዝቡ ተገረመ። ፈሪሳውያን ግን ያንን መልካም ሥራ በዓይናቸው እያዩ «በአጋንንት አለቃ በብዔል ዜቡል ነው» አሉ። አንቺ ከጠቀስሽው ቀድሞ በቁጥር 36 ሰዎች ለሚናገሩት ከንቱ ቃል ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ እንደሚሰጡ የተነገረው ለእነዚህ ሰዎች ነው። አንዳንዱ ሰው ጥቅሱን ሲሰማ ጨዋታና ሳቅ ሁሉ የተከለከለ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም።

እዚያ ላይ «ከንቱ» የተባለው በግሪኩ «አርጎስ» ነው። ሥራ የሌለው፣ ሥራ የፈታ ማለት ነው። በማቴዎስ 20 በአደባባይ ሥራ ፈተው የቆሙት ሰዎችም የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ይህን ሳውቅ ነገሩ በራልኝ። ቃልም ሥራ አለው ማለት ነው። የታረዘውን ወንድም ምንም ሳይሰጡት «እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ መሸኘት፣ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወቀሰው፣ ሥራ የፈታ ቃል ነው። ስድብ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሥራ አልፈታም፤ እያቆሰለ ነው።

(«በእምነት ነው ወይስ በሥራ የምንድነው?» የሚለው ሌላ ክርክር ነው። አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው እንደሚያስረክበው የሚናገረውን ሮሜ 2፥6ን ግን ሁሉም ያነቡታል።)

«አፉ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ይህ አባባል ያሳስበኛል። ጌታ «በልብ ሞልቶ ከተረፈው አፍ ይናገራልና» ብሏል። ልብሽ ውስጥ ደግነት የለም ማለቴ አይደለም፤ እናትሽን መጦርሽ ይመሰክርልሻል። ግን እዚያው ልብ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ምናልባት ድካም፣ ምናልባት የቆየ ቅሬታ። አፍሽ የሚያወጣው እሱን ነው። ቁጣሽ ከየት እንደሚመጣ ራስሽን ጠይቂ።

ማቴዎስ 15ን ደግሞ ተመልከቺ። ጌታ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ሲጠቅስ ወላጁን የሰደበ የሚጠብቀውን ቅጣት አብሮ ጠቀሰ። ወዲያው ደግሞ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ወላጃቸውን የማይረዱትን ገሠጸ። ማክበር በአፍም በእጅም ነው። አንቺ በእጅሽ አክብረሻታል። አፍሽ ቀርቷል።

የተነገረ ቃል አይመለስም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ጴጥሮስ በከሰል እሳት አጠገብ ቆሞ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። የካደው በቃል ነው። ጌታ ከተነሣ በኋላ በዮሐንስ 21 ሌላ የከሰል እሳት እናያለን። ቁርስ ካበላው በኋላ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ጴጥሮስ ሦስቱንም በአፉ መለሰ፤ በየመልሱም «በጎቼን ጠብቅ» እየተባለ ሥራ ተሰጠው።

አንቺ ሥራውን ይዘሻል። ስለዚህ ዛሬ ወደ እናትሽ ግቢና አጠገቧ ተቀመጪ። «ግን እኮ አንቺም…» የሚለውን ሳትጨምሪ «ይቅር በይኝ» በያት።