40 ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በአንድ የአሪትሜቲክ ሲሪየስ (በእኩል ልዩነት የሚከታተሉ ቁጥሮች) 3ኛው ቁጥር 11፣ 8ኛው 31 ነው። የመጀመሪያዎቹን 20 ቁጥሮች ስደምር 860 ይመጣልኛል፤ የመልስ ወረቀቱ ግን 820 ይላል። ከስሎፕ (የመስመር ዘንበል መጠን) ጋር ይያያዛል የሚባለውስ እንዴት ነው? (እህታችሁ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልክ የሆነው 820 ነው። ትርፉ 40፣ ማለትም 10 × 4 መሆኑ ስህተቱን ያጋልጣል፤ 19 ጊዜ መጨመር የነበረበትን 4 አንቺ 20 ጊዜ ጨምረሽዋል።

ከ3ኛው እስከ 8ኛው 5 እርምጃ አለ። 31 − 11 = 20፣ ለ5 ሲካፈል 4። ከ11 ላይ 4ን ሁለት ጊዜ ቀንሺ፤ መነሻው 3 ነው። 20ኛው ቁጥር ጋ ለመድረስ ግን እርምጃው 19 ብቻ ነው፤ መነሻው ላይ ቆመሽ ነዋ የምትጀምሪው! ስለዚህ 3 + 19 × 4 = 79። 20ዎቹ ቁጥሮች ከዳርና ከዳር ሲጣመሩ 10 ጥንድ ናቸው፤ ድምሩ፦ 10 × (3 + 79) = 820።

ስሎፕም ያው ነው። (3፣ 11) እና (8፣ 31) ነጥቦች ቢሆኑ የሚያገናኛቸው መስመር ስሎፕ፣ ከላይ 31 − 11፣ ከታች 8 − 3፣ 4 ይሆናል። እዚህ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ቅደም ተከተል ሲያምታታ ነው። ለ(−2፣ 5) እና (4፣ −7)፣ ከላይ −7 − 5 ካልሽ ከታችም 4 − (−2) በዪ፤ −12 ለ6፣ −2። ከታች ገልብጠሽ −2 − 4 ካልሽ +2 ይወጣል፤ የሚወርደው መስመር ወጣ ማለት ነው። ነጥቦቹን ቀድመሽ በእጅሽ ሣያቸው፣ ምልክቱ ወዲያው ይታይሻል።