ብረቱ ለምን ከዛቢያው ይወልቃል? ስለ ምሳርና ፋስ ከወሎ የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ አንድ ዕቃ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል። የስም ነገር እንዳያደናግር፦ እዚህ ላይ ፋስ የምንለው በአንድ እጅ የሚያዘውን አጭሩን፣ ምሳር የምንለው በሁለት እጅ የሚሰነዘረውን ነው። አገሩ ስሙን ቢያለዋውጠው አንጣላም።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ? የደሴ ልጆች ነን። በበጋ ጦሳ ላይና ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን እናድራለን፤ ዘንድሮ ወደ አቡነ ዮሴፍ ለመውጣት አስበናል። በጀርባ ቦርሳ የምንይዘው ለማገዶ የሚሆን ፋስ ይሻላል ወይስ ምሳር?

መልስ፦ ፋስ ማለት ብረቱ ከ500 እስከ 700 ግራም፣ ዛቢያው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ክንድ የሚያህል ደረቅ እንጨት ይፈልጣል፣ ካስማ ያሾላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠየቅም። ዛፍ የሚጥለው ምሳር ብረቱ ብቻ ከ1.3 እስከ 1.8 ኪሎ ይመዝናል፣ ዛቢያው ከ70 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ይህን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ትርፉ ድካም ነው። ለሦስትና ለአራት ሰው የምንመርጠው መካከለኛውን ነው፦ ብረቱ ከ700 እስከ 900 ግራም፣ ዛቢያው ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር። በአንድ እጅም በሁለት እጅም ይሠራል፣ ቦርሳ ጎንም ይታሰራል።

አጭር ፋስ ቀላል ስለሆነ አደጋ የሌለው ይመስላል። ረጅም ምሳር ዒላማውን ሲስት አብዛኛውን ጊዜ መሬት ይመታል፤ አጭሩ ሲስት ግን ቅስቱን ሳይጨርስ ቅልጥም ላይ ያርፋል። ስለዚህ በፋስ ስትፈልጡ ተንበርከኩ፣ እንጨቱንም ከፊታችሁ ባለ ጉቶ ወይም ወፍራም ግንድ ላይ አቁሙ። አፉን የሚሸፍን ቆዳ ወይም ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አብሮ ይያዝ።

አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ውርጭ ላይ ያደረ ስለት ስለሚሰባበር ጠዋት ከመምታታችሁ በፊት አፉን ብብት ውስጥ ወይም በእጅ መዳፍ አሙቁት (ሽፋኑ ሳይወልቅ!)። እሳት ላይ ማሞቅ ግን አይሞከርም፣ ምክንያቱን ከታች ለወልድያው አንባቢ ጽፈናል። ቦታው ጥብቅ ስለሆነ አስታውን (የደጋውን ዛፍ) መቁረጥ አይፈቀድም፤ ማገዶ ከታች ተገዝቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ አዲስ ምሳርም አለ፣ አንጥረኛ የሠራው ጥቁሩም አለ። የትኛው ነው ደህናው? በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ቀለሙ ምንም አይነግርዎትም፤ እንዲያውም ስንጥቅ ይሸፍናል። ብረቱን ይመርምሩ። አዲስ ሞረድ ይዘው ይሂዱና ባለ ሱቁን አስፈቅደው አፉን ጥግ ላይ አንድ ጊዜ ይሞርዱት። ሞረዱ እንደ መስተዋት ላይ ከተንሸራተተ ብረቱ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፣ ቋጠሮ ሲያገኝ ይሸረፋል። እንደ ሚስማር በቀላሉ ከተበላ ደግሞ ልስልስ ነው፣ ከሰዓት ሳይደርስ ይደንዛል። እየታገለ የሚበላው ትክክለኛው ነው። ቀጥሎ ብረቱን በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ ብረት መታ ያድርጉት፤ የሚጮኸውና ድምፁ የሚቆየው ጤነኛ ነው፣ ደፈን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።

ከአንጥረኛ የሚያሠሩ ከሆነ ጥሬ ዕቃው ከመኪና ባሌስትራ ይሁን። ባሌስትራ ብዙ ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው፣ ለምሳር የሚስማማ። ፌሮ ግን አንዱ ከአንዱ ስለሚለያይ አይታመንም። አፉ ሲጠነክር የሚነከረው ዘይት ውስጥ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ባሌስትራ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፣ ስንጥቁም የሚታየው ከወራት በኋላ ቁራሹ ሲበር ነው። ከተነከረ በኋላ አፉ ተወልውሎ ከጀርባው በኩል በዝግታ እንደገና ይሞቃል። ቀለሙ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ለምሳር አፍ የሚፈለገው ከቡናማ እስከ ወይን ጠጅ ያለው ነው፣ ሙቀቱም ከ260 እስከ 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ጀርባው መጠንከር የለበትም።

ሁለቱንም ሲገዙ ዛቢያ የሚገባበትን ቀዳዳ በጣት ይዳስሱ። ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ሽብልቁ እንጨቱን ከላይ ሲዘረጋው ብረቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ይህ ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ቀዳዳ ምንም ቢሸበለቅ ይወልቃል። በመጨረሻ በዛቢያው መስመር በአንድ ዓይን ይመልከቱ፤ አፉ ከመስመሩ ከተጣመመ ሳይከራከሩ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደላንታ ነኝ። ምሳሬ በየወሩ ከዛቢያው ይወልቃል። በቀደም ብረቱ በሮ ግድግዳ መታ፣ እግዜር ነው የጠበቀን። ሲላላ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ጥብቅ ይላል፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ ያው ነው። ምስማርም መትቼበታለሁ።

መልስ፦ አባታችን፣ እንኳን ሰው አልነካ። የሚያላላው ያ የሚያድርበት ውሃ ነው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ግን ብረቱ ስለማይለጠጥለት ጭረቱ (የእንጨቱ ቃጫ) እርስ በርሱ ይጨፈለቃል። ሲደርቅ ከበፊቱ ይቀጥናል። ባሳደሩት ቁጥር ዛቢያው እየከሳ ነው። ምስማሩም እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዝገቱም ዙሪያውን ያበሰብሰዋል። በዚያ ዛቢያ እንግዲህ አንድም ጊዜ አይሰንዝሩ፣ አዲስ ይግባ።

ወይራ ከተገኘ የሚያህለው የለም፣ ክትክታም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ይሆናል፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። በመጋዝ የተቆረጠ ሳይሆን በሽብልቅ የተፈለጠ ይምረጡ፤ የተፈለጠ እንጨት ጭረቱን ተከትሎ ስለሚለይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ይሆናል። ቋጠሮ ያለበትን ለማገዶ ያድርጉት። የዛቢያውን የተቆረጠ ጫፍ ሲያዩ የሚታዩት መስመሮች ከምሳሩ አፍ ጋር አንድ አቅጣጫ ይያዙ። አግድም ከሆኑ አንድ ቀን ከመሃል ይከፈታል።

እርጥብ እንጨት አይገባም። ጫፍና ጫፉን ሰም ቀብተው ከምድጃው ራቅ አድርገው ጣራው ሥር ይስቀሉት፣ ቢያንስ ሦስት ወር። መድረቁን ለማወቅ በየሳምንቱ ሱቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርሷል።

ከዚያ ላይኛውን ጫፍ እየጠረቡ ለቀዳዳው ይለኩት። ብረቱ የነካው ቦታ እንዲታይ ቀዳዳውን ውስጥ ውስጡን ጥላሸት ይቀቡት፣ የጠቆረውን ብቻ እየላጉ ደጋግመው ያስገቡ። አንድ ላይ ብዙ መላግ ነው ጥፋቱ። በልኩ ሲሆን ከላይ በመጋዝ መሃሉን ይክፈቱት፤ ጥልቀቱ ከቀዳዳው ቁመት ሁለት ሦስተኛ ይሁን። ብረቱን ካስገቡ በኋላ ምሳሩን ብረቱ ወደ ታች፣ የዛቢያው ቂጥ ወደ ላይ ሆኖ በአንድ እጅ አየር ላይ ይያዙትና ቂጡን በእንጨት መዶሻ ይምቱ። ብረቱ የሚወድቅ ይመስላል፤ ግን ክብደቱ ባለበት ሲያቆየው ዛቢያው ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ይበቃል። በመጨረሻ ደረቅ የጽድ ወይም የዋንዛ ሽብልቅ በተከፈተው ውስጥ ይምቱ። ስፋቱ የቀዳዳውን ርዝመት ይሙላ። ድምፁ ከልል ወደ ደረቅ ሲለወጥ ያቁሙ፣ ከዚያ በላይ ዛቢያውን ይሰነጥቃል።

ለዛቢያው ቅባት የተልባ ዘይት ይበጃል፣ ደርቆ ስለሚቀር። የኑግ ዘይት ቤት ውስጥ ቢኖርም ቶሎ ስለማይደርቅ እጅ ላይ ይጣበቃል። ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው የተረፈውን ይጥረጉ፤ ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግሙ። የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ምሳሩን ክረምት ደላንታ አጥብቀው በበጋ ወደ ባቲ ቆላ ቢወስዱት እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ ይላላል። ይህ የሥራ ጉድለት አይደለም፣ ሽብልቁን ጥቂት መታ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ። ምሳሬ ደረቅ ወይራ ስፈልጥ ሁለት ቦታ ተሸረፈ። ብየዳ ቤት ወስጄ በግራይንደር አስሳልኩት፤ ስለቱ ያምር ነበር፣ በማግስቱ ግን ዱልዱም ሆነ።

መልስ፦ በግራይንደር ሲሳል አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም አይተው ነበር? እሱ ነው። ሰማያዊ ማለት ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፣ ጥንካሬው ወርዷል ማለት ነው፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ቢያጠፉትም ልስላሴው አይጠፋም። አብሽሩ፣ ምሳሩ አልሞተም። የለሰለሰው ክፍል ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በእጅ ሞረድ እየበሉ ጠንካራው ላይ እስኪደርሱ ይቀጥሉ። ሞረዱ መታገል ሲጀምር ደርሰዋል።

ሞረዱን ወደፊት ብቻ ይግፉ፣ ሲመልሱ ያንሱት። የአፉን ሹልነት መጠን ለማወቅ ከጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ውፍረቱን ይለኩ፦ 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ አፉ 25 ዲግሪ ነው፣ ለባሕር ዛፍና ለጽድ ይሆናል። ለደረቅ ወይራ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ ቀጭን አፍ ነው የተሸረፈብዎት። በተቃራኒው ወገን በጥፍር የሚሰማ ሸካራ ጠርዝ ሲወጣ ገልብጠው ሌላውን ይሙረዱ፣ በድንጋይ ያለስልሱ፣ በቀበቶ ቆዳ ይጨርሱ። ግራይንደር ግድ ከሆነ ያለ ጓንት ይያዙና ጣት የሚያቃጥል ሙቀት ሳይመጣ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩ።

ባሕር ዛፍ እርጥቡን ይፈለጣል። ከደረቀ በኋላ የሚፈልጥ ሰው ምሳሩንም ራሱንም ያደክማል።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ። የፋይበር ዛቢያ ያለው ምሳር ይሻላል? በጀርባውስ ካስማ መምታት ይቻላል?

መልስ፦ ፋይበሩ አያብጥም፣ አይኮማተርም፣ ምስጥም አይበላውም። ችግሩ ሲሰበር ነው፤ ብዙዎቹ ብረቱ ላይ በሙጫ ስለሚጣበቁ አንጥረኛም ሆነ አናጢ በቀላሉ አይተካላችሁም። ወይራ ባለበት አገር እንጨት እንመርጣለን። በጀርባው የእንጨት ካስማ ይመታል። የብረት ካስማ ወይም የብረት ሽብልቅ ግን አይመታበትም፤ ቀዳዳው ይበላሻል፣ ዛቢያውም ይላላል፣ ቁራጭ ብረት ዓይን ውስጥ ሊገባም ይችላል። ለዚያ መዶሻ ይያዙ።