ቢላዋ ለምትሠሩ ልጆቼ፦ ስለ እጀታ አጨራረስ

ከእንጨት ጋር መዋል ከጀመርኩ ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈኝ። አብዛኛው ሥራዬ የሥጋ ቤት ቢላዋ እጀታ ነው። ሰሞኑን ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ወጣቶች በዝታችኋል፤ የሠራችሁትን በስልካችሁ እያነሣችሁ ታሳዩኛላችሁ፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን እጀታው እንደ መስታወት ሲያበራ ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም በእሱ ምክንያት ነው።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ለአንድ ሥጋ ሻጭ የወይራ እጀታ ሠራሁለት። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን በሚለሰልሰው ብርጭቆ ወረቀት እስከ 1000 ቁጥር ድረስ አለሰለስኩት፤ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ደረብኩበት። ሲረከበኝ «ይሄማ ለሙሽራ ነው» አለኝ፤ ኮራሁ። የፋሲካ ዋዜማ ገበያው በደራበት ሰዓት እጁ በጮማ ተለውሶ ሳለ እጀታው አዳለጠውና ጣቶቹ ወደ ስለቱ ወረዱ። የሁለት ጣቶቹ ጅማት ተቆረጠ። ከሳምንታት በኋላ እጁ እንደተጠቀለለ መጣ። አልተቆጣኝም። ቢላዋውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «እስቲ ዘይት ንካና ያዘው» አለኝ። ያዝኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራሁትን እጀታ ሁሉ የፈተንኩት በደረቅ እጅ ነበር።

ልጆቼ፣ ማለስለስ ሌላ ነው፤ ማብረቅረቅ ሌላ ነው። ሥጋ ለሚቆርጥበት ሰው 320 ቁጥር ላይ አቁሙ። ለቤት የፍራፍሬ ቢላዋ ከሆነ እስከ 600 ብትሄዱ ክፋት የለውም። እጅን የሚይዘው ደግሞ ቅርጹ ነው፤ መሐሉ ትንሽ ሆድ ይኑረው፣ ጫፉ ወደ ታች ጎንበስ ይበልና ትንሿን ጣት ያቁማት። ይህ በሞረድ ካልተስተካከለ ብርጭቆ ወረቀት አያድነውም።

ወደ ማለስለሱ ስትመጡ ቁጥር አትዝለሉ። 120 የሞረዱን ጭረት ያጠፋል፤ 180 የ120ውን፣ 240 የ180ውን፣ 320 ደግሞ የ240ውን። የእያንዳንዱ ወረቀት ሥራ ከሱ በፊት ያለፈው የተወውን ጠባሳ ማጥፋት ነው። ከ120 ወደ 320 የዘለለ ሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል፤ 320 ግን ያንን ጥልቅ ጭረት ሊደርስበት አይችልም፣ አናቱን ብቻ ያለሰልሰዋል። ክፋቱ እንጨቱ ደረቅ ሳለ ጭረቱ አይታይም። ዘይት ሲነካው ነው ሁሉም ብቅ የሚለው፤ ያኔ እንደገና ከ120 መጀመር ነው። እኔ ወረቀት በቀየርኩ ቁጥር እጀታውን በእርሳስ ቀለል አድርጌ አሰምርበታለሁ፤ የእርሳሱ መስመር ከሁሉም ቦታ እስኪጠፋ እሠራለሁ። ከዚያ መስኮት አጠገብ ቆሜ ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት አጋድሜ አያለሁ። እጃችሁ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ይሂድ፤ ቃጫውን አቋርጦ የሄደ ጭረት በቀላሉ አይለቅም።

እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚይዘው የናስ ሚስማር ያለበትን ቦታ ተጠንቀቁ። ናስ ከእንጨት ይጠነክራልና ወረቀቱን በጣታችሁ ብቻ ከገፋችሁ በዙሪያው ያለው እንጨት ይጎደጉድና ሚስማሩ እንደ ኪንታሮት ይቀራል። ወረቀቱን በጠንካራ ጎማ ወይም በወፍራም ቆዳ ላይ ጠቅልሉት። በማሽን የምትሠሩ ደግሞ ሚስማሩን በአውራ ጣታችሁ እየነካችሁ ሥሩ፤ ጣት የማይችለው ሙቀት ከስር ያለውን ኤፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ ያላላዋል። ዛሬ ያለሰለሳችሁት እጀታ ከወራት በኋላ ሲነቃነቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

320 ካለቀ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉትና ይድረቅ። የተኛው የእንጨት ፀጉር ይቆማል፤ ስትዳስሱት ይሻክራል። አትደንግጡ። ባረጀ 320 ቀስ ብላችሁ መልሱት፣ ሁለት ጊዜ ድገሙት። እናንተ ካላቆማችሁት ገዢው በመጀመሪያው እጥበት ያቆመዋል።

ዘይቱ የተልባ ይሁን። ተልባ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። ፓልም ወይም የወይራ ፍሬ ዘይት እንዲያ አይደርቅም፤ ቅቤማ ይሻግታል። ቀለም መደብር «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ቶሎ እንዲደርቅ ማዕድን ያለበት ኬሚካል ስለሚጨመርበት ለምግብ ቢላዋ አልጠቀምበትም። በስሱ ቀቡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁና ያልተመጠጠውን በሙሉ ጥረጉ። የተረፈ ዘይት እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አየር ያግኘው፤ አራት አምስት ጊዜ ድገሙት። የእጀታው ጫፍ፣ ቃጫው የተቆረጠበት በኩል፣ ከሌላው ይበልጥ ይጠጣልና አትንፈጉት። በመጨረሻ አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ተልባ፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጣችሁ ጥቂት ዳብሱበት፤ በቀጥታ እሳት ላይ ግን አትጣዱት። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በላይ ማንደድ አያስፈልግም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ተልባ የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ማንም ሳይለኩሰው ይነድዳል። አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጭስ ተቀበለኝ፤ ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ጨርቅ ከሰል ሆኖ ነበር። የጣውላው ክምር በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ ስቀሉት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ወይራ ሲፋቅ ሽታው ደስ ይላል፤ የጋን ማጠኛውን፣ የእናት ቤትን ያስታውሳል። አቧራው ግን ሳንባ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ከመደበው ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። እኔ በወጣትነቴ በነጠላ ጫፍ እንኳ ሳልሸፍን ሠርቻለሁ፤ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ያጥረኛል።

ለዚያ ሥጋ ሻጭ ቫርኒሽ የተቀባውን አውልቄ ሌላ እጀታ ሠራሁለት፤ 320 ላይ አቆምኩ፣ ተልባ ብቻ አጠጣሁት። ዛሬ ሱቁ የልጁ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ልጁም ቢላዋውን ይዞልኝ ይመጣል። ሃምሳ አምስት ቀን አለኝ፤ ለተልባ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አባትየው በተጎዳው እጁ ሲይዝበት የኖረው ቦታ ጠቁሯል፤ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። ያንን ቦታ ወረቀት አላስነካውም። ዘይቱን እቀባና ጥላ ውስጥ እሰቅለዋለሁ።